ስም ያልተገኘለት አውሮፕላን

እኔ አውሮፕላን አልወድም። ከመጀመሪያው ልናገረው፤ የማወራው ከዳር እስከ ዳር ስለ አንድ አውሮፕላን ስለሆነ ወድጄው የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። ያሳደገኝ ዕድሜውን ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን ገላ ሲጠግን የፈጀ ሰው ነው፤ አባቴ። እናቴ በሕይወት ሳለች ልታናድደው ስትፈልግ "የሰማይ ባትላሜራ" ትለው ነበር፣ እሱም እውነት ይናደድላት ነበር።

ቤታችን ጉርድ ሾላ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል። እንግዳ ይደናገጣል፤ እኛ ግን ቃሉን አፋችን ውስጥ እንይዝና ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አባቴ ብቻ ቀና ሳይል "ይሄ አዲሱ ነው"፣ "ይሄ ዕቃ ጫኝ ነው፣ ዛሬ ከብዶታል" ይላል። እናቴ ደግሞ "የልጅህን ጉሮሮ እንዲህ ብታዳምጥ ኖሮ ቶንሲሉ ባልከረመባት" ትለዋለች። ያለችው ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ መሆኑ ነው።

ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፋ ያደረገ ጢም የሌለው ወጣት፣ ባለ ድርብ ክንፍ የጥንት አውሮፕላን አጠገብ ቆሟል። ሁለቱ ክንፎች አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው በእንጨትና በሽቦ ተያይዘዋል። የወጣቱ እጅ የታችኛው ክንፍ ላይ አርፏል። ፈገግ አላለም፤ የዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ሲነሣ ዳኛ ፊት የቀረበ ነው የሚመስለው።

አባቴ አባቱን አያውቅም። ገና ሲድህ ነው የሞቱበት። መቃብራቸው የት እንደሆነ የነገረው የለም፣ የተረፈ ልብስ የለም፣ ዱላ የለም። ያለው ያ ፎቶ ብቻ ነው። አያቴ ፎቶውን አሳይታ "አባትህ ይሄ ነው" አለችው፤ ከዚያ በላይ ስትጠየቅ እንባዋ ይቀድማታል። ልጁም ፎቶውን እያየ አደገ፤ "አባቴ የአውሮፕላን ሰው ነበር" አለ፤ ሲጎረምስ ሃንጋሩ በር ላይ ሄዶ ሥራ ለመነ። ቤታችን የገባ ሁሉ አንዴ ፎቶውን አንዴ እሱን አይቶ "ቁርጥ አባትህን! ጆሮህ እንኳ ሳይቀር!" ይለዋል። ያን ቀን አባቴ ደስ ብሎት ይውላል።

ያሳደገው ግን አጎቱ ነው፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም። የካ ተራራ ሥር ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። እኔም በልጅነቴ ደርሼባቸዋለሁ። ቅንድባቸው ላይ የድንጋይ ብናኝ የማይጠፋ፣ አንድ ዓይናቸውን ፍንጣሪ የወሰደባቸው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ነበሩ። በበዓል ሸንኮራ ተሸክመው ይመጡና በሩ ጋ ቁጢጥ ይላሉ። "ኧረ ወደ ውስጥ ይግቡ" ስትላቸው እናቴ፣ "ልብሴ አቧራ ነው፣ ተይኝ" ይሏታል። አባቴ ይጠይቃቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፣ ነውር አልሠራም። ፍቅር የሚባለውን ግን ለፎቶው ነው የሰጠው። ልጅ ሳለ አጎቱ ሲቆጡት ወደ ግድግዳው እየጠቆመ "አንተ አባቴ አይደለህም! አባቴ ያ ነው! እኔ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ አይደለሁም!" ይላቸው እንደነበር እየሳቀ አጫውቶኛል።

"እሳቸውስ ምን ይሉህ ነበር?" አልኩት።

"'እውነትህን ነው፣ አይደለህም' ይለኝና ወደ መዶሻው ይመለሳል።"

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን የፎቶው አውሮፕላን ስም አልነበረውም። አባቴ ያልጠየቀው ሰው፣ ያላገላበጠው መጽሔት የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላ እሑድ እሑድ የሃንጋር ጓደኞቹ ቤታችን ይሰበሰባሉ፤ ሻይ ቀርቦ ሳያበቃ ፎቶው ከግድግዳው ይወርዳል፣ አጉሊ መነጽሩ ከእጅ እጅ ይዞራል።

"ሞተሩን እዩት፣ የፈረንሳይ ነው!"

"ሞተሩስ ይሁን፣ ጭራው በምን ዕዳው ነው ፈረንሳይ የሚሆነው? ይሄ የጀርመን ጭራ ነው።"

"ጀርመን እንዲህ ያለ ጎማ አይገጥምም። ሙት አልልህም፣ ግን አይገጥምም።"

ከሁሉ የማይሸነፉት ሞተር ክፍል የነበሩት የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፍርድ ይሰጣሉ፤ "ይሄ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የመጣ ነው። ያኔ የመጡት ጥቂት ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ ይሄ የለም። እንግዲህ ማንም ያልጻፈው አንድ አውሮፕላን ነበር ማለት ነው፤ ከሱ ጋር የሠሩትም ሰዎች ሳይጻፉ ቀርተዋል ማለት ነው።" አባቴ ይህን ሲሰማ አንገቱ ይቀናል። አባቱ በዚህ አገር አውሮፕላን መጀመሪያ ከነኩት ሰዎች አንዱ ነበሩ ማለት ነዋ! እኔም ሻይ እየቀዳሁ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እላቸዋለሁ፤ ማንም አይሰማኝም።

ካቻምና ክረምት አባቴ ልቡ ደከመ። ደረጃ ሲወጣ መቆም፣ ማታ ተቀምጦ መተኛት ጀመረ። ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ መርምራው ስታበቃ እኔን ብቻዬን ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

"መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ጨው ይቅርባቸው" አለችኝ። "ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ። ልባቸው አይችለውም።"

"ይድናል?" አልኳት።

"አጠገባቸው ሁኚ" አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አባቴ መስኮቱን እያየ "አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ" አለኝ። ኑዛዜ መሰለኝ። "ያ አውሮፕላን ስሙ ማን እንደሆነ አውቄ ብሞት" አለ።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። "አባዬ! በሞቴ! ሐኪሟ ስለ ልብህ ትጨነቃለች፣ አንተ ስለ ብረት ታስባለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

"ስለ ብረት አይደለም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ስሙ ከታወቀ ዘመኑ ይታወቃል። ዘመኑ ከታወቀ አብረውት የነበሩት ሰዎች ይታወቃሉ። አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የት እንደተቀበረ የሚነግረኝ አንድ ሰው፣ አንድ የሰው ልጅ፣ ይገኝ ይሆናል። አባቴን ሳላውቀው ወደ አባቴ መሄድ አልፈልግም። ምን ብዬ ነው የማናግረው?"

እሺ አልኩት።

ለጋሼ ስልክ ደወልኩ። እሳቸውም ውጭ አገር አሮጌ አውሮፕላን የሚሰበስቡ ሰዎች አውቃለሁ፣ እልክላቸዋለሁ አሉ። "ግን በመስታወቱ ላይ ያነሣነው ሁሉ ያብለጨልጫል። ከፍሬሙ አውጪውና ጥሩ አድርገሽ በስልክሽ አንሺው" አሉኝ። በማግስቱ አባቴ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ፎቶውን አውርጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ምስማሮቹ ዝገዋል። በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፣ መስታወቱን አነሣሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ በመስታወት ውስጥ ያየሁትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ነካሁት።

አቧራ መስሎኝ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ጣቴ ተደናቀፈ። እንደገና ነካሁት። የካፖርቱ ዳር ከፍ ብሏል። ዳሩን ተከትዬ በትከሻው በኩል ወደ ባርኔጣው ሄድኩ፣ በዚያ በኩል ዞሬ ወረድኩ። ሰውየው በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። እጁ ክንፉን አልነካውም፣ የጣቶቹ መካከል በጥቁር ቀለም ተሞልቷል። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው ደግሞ የአውሮፕላኑ ጭራ ሌላው አካሉ እንዳለው የኅትመት ነጠብጣብ የለውም። ጭራው በእርሳስና በቀለም የተሳለ ነው። ያ የእሑድ ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ጀርመን ነው ፈረንሳይ ነው የተባለው፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በእጁ የሳለው ነገር ላይ ነበር! እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ሽቦውን ቆጥረዋል፣ ጎማውን ለክተዋል፤ ሰውየውን ግን ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ደህና አድርጎ አላየውም። የሃንጋር ሰው አውሮፕላን ካለ ሌላ ነገር አይታየውም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ መጣ፣ ከዚያ ፍርሃት። ለአባቴ "ፍሬሙ አርጅቷል፣ ላሳድሰው ነው" ብዬ ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በማግስቱ ወደ አያት ሰፈር ሄድኩ።

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአባቴ አክስት አሉ፣ የእናቱ ታናሽ እህት። ከዚያ ትውልድ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። "ከወጣሁ ወዲህ አልወረድኩም፣ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው" ይላሉ። ልጃቸው ሥራ ሄዳለች፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን እንደ ምላጭ ነው።

"ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ሰው ሞተ?" አሉኝ።

"አልሞተም እማማ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው" አልኩና ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት፣ ከዚያ በጣታቸው የካፖርቱን ዳር ዳበሱት። 

"እስካሁን አላወቀም?" አሉ።

"ምኑን?"

"አዬ ልጄ! አዬ ጉድ!" አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። "መሐላ አለብኝ። ግን ያስማለኝ ወንድሜ ሞቷል፣ አብራኝ የማለችው እህቴም ሞታለች። እኔም ነገ ተነገ ወዲያ ነኝ። ቁጭ በይ።"

እኔም የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"የአባትሽ አባት ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም" አሉኝ። "ጨው ነበር የሚያመላልሰው፣ ወደ ቆላ እየወረደ።"

"አውሮፕላንስ?"

"ድንቄም አውሮፕላን! አህያዋም የሰው ነበረች። ቆላ እንደወረደ ወባ ያዘው፣ እዚያው ከመንገድ ዳር ቀበሩት አሉን። የቀበሩት መንገደኞች ናቸው፣ ቦታውን ማን ያውቀዋል? አባትሽ ያኔ ይድሃል። አፉን ሲፈታ ታዲያ ምን አለ መሰለሽ? አባባ። ማን እንዳስተማረው እንጃ። በደጃችን ያለፈውን ወንድ ሁሉ አባባ ይለዋል፤ ቄሱን አባባ፣ ወታደሩን አባባ፣ ፈረሰኛውን አባባ። ሰዉ ይስቃል፣ እህቴ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ወንድሜ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ 'ይሄ ልጅ የሚያየው ፊት ፈልጎ ነው፤ ለምን ፊት አንሰጠውም?' አለ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ነገሩ ግን ይህ ነው። ወንድምና እህት ሕፃኑን ይዘው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ሄዱ። እማማም ያኔ ኮረዳ ነበሩ፣ ሕፃኑን አዝለው ተከተሉ። አጎቱ ጢማቸውን ተላጭተው ካሜራው ፊት ቆሙ። ካፖርቱም ባርኔጣውም የፎቶ ቤቱ ነው። የዚያ ፎቶ ቤት ልማድ ደግሞ ሰውን አንሥቶ፣ ቆርጦ፣ ከውጭ መጽሔት በወጣ ሥዕል ላይ መለጠፍ ነው። ከምን ጋር ላድርገው ብሎ ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው፤ አንበሳ አለ፣ ባቡር አለ፣ ጭራው የተቀደደ አውሮፕላን አለ።

"እህቴ ባቡሩን ነበር የፈለገችው" አሉ አክስቱ። "አባትሽ ግን ከጀርባዬ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ወጣና አውሮፕላኑ ላይ ተኛበት። ብንጎትተው እምቢ! ብናባብለው እምቢ! በሁለት እጁ ይዞ ይጮሃል። ፎቶ አንሺው ሳቀና 'ግድ የለም፣ ጭራውን እኔ እስልለታለሁ' አለ። እንዲህ ነው አባትሽ ለአባቱ ሥራ የመረጠለት። ፎቶው ከተሰቀለ ወዲህ መንገደኛውን አባባ ማለት ተወ።"

እንባዬ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ አልጠረግኩትም። "ለምን 'እኔ ነኝ' አላሉትም? ያን ሁሉ ዘመን 'አባቴ አይደለህም' ሲላቸው፣ የገዛ ፊታቸውን እያሳየ ሲሰድባቸው፣ እንዴት ቻሉት?"

"እኔም ጠይቄው ነበር። 'የሞተ ሰው ልጅ አልሰርቅም' አለኝ። 'እኔን አጎቴ ይበለኝ፤ እኔ አለሁ። ያ ምስኪን ግን ከዚህ ልጅ ሌላ የሚጠራው ማን አለው?' አለ።" እማማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ወንድሜ ሲሞት አባትሽ ቀብሩ ላይ ቆመ። ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ፤ አውሮፕላን ቆሞ ይጠብቀኛል አለ። ሦስቱን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አልተቀየምኩትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፣ ምን ያድርግ? አያውቅም።"

"ልንገረው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? መሐላዬን አስፈርሰሽኝ፣ አሁን ደግሞ ፍርዱንም ከእኔ? ሂጂ፣ ተነሽ፣ ታክሲ ሳይጠፋ።" ግንባሬን ስመው አስወጡኝ።

ከአያት እስከ ጉርድ ሾላ ታክሲ ውስጥ ሳለቅስ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ሶፍት ሰጠችኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም። እንዴት ይነገራል? አባቱን ለማወቅ ነው ዕድሜ የሚለምነው። አባትህ ጨው ነጋዴ ነበሩ፣ መቃብራቸው የለም፣ ፊታቸውንም አይተህ አታውቅም ልበለው? በዚያ ላይ የሐኪሟ ቃል አለ። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ። እሱ ግን ጠዋት ማታ "ፎቶውን ላክሽላቸው? ምን አሉ?" ይለኛል፤ እኔ "ፍሬም ቤቱ አላደረሰውም" እላለሁ። ዋሽቼ ስወጣ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አንኳኳለሁ፣ ያለ ምክንያት እቆጣለሁ። ጋሼም ይደውላሉ፣ አላነሣም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጠራኝ። ድምፁ በጣም ደክሟል። "ፎቶዬን አምጪልኝ" አለ። "ፍሬም ቤት አይደለም ያለው። ቦርሳሽ ውስጥ ነው፤ ትናንት መነጽሬን ስፈልግ አይቼዋለሁ። አልነካሁትም፣ አንቺ እስክታመጪው ልጠብቅ ብዬ ነው።"

ምን ማድረግ እችላለሁ? አምጥቼ ሰጠሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ በልቤ ማርያምን እለምናለሁ።

አጉሊ መነጽሩን አነሣና እንደ ልማዱ ከሞተሩ ጀመረ። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አውራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳለፈ። ሃንጋር እያለ ዓይን የማያየውን ጎድጓዳ እንዲህ ነበር የሚያገኘው፤ ልጅ ሳለሁ የድስት ክዳን እየሰጠሁት እንጫወት ነበር። ጣቱ ካፖርቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳሩን ይዞ ሄደ፣ ዞሮ ተመለሰ።

"ተለጥፏል" አለ።

"አዎ አባዬ።"

"ጭራውስ?"

"የተሳለ ነው።"

ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "እነዚያን ሽማግሌዎች አይ! ስንት ዘመን ስለ ቀለም ተጨቃጨቅን!" አለ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። "ታዲያ ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለኝ።

 መልሴን ግን አልጠበቀም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዞረና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላኑን ትቶ ሰውየውን ማየት ጀመረ። መዳፉን አገጩ ላይ አድርጎ ከታች ሸፈነው፣ ጢም የሚበቅልበትን። ከዚያ በአንድ ጣቱ አንዱን ዓይን ሸፈነ። 

"ሁለት ዓይን እያለው አላውቀውም ነበር" አለኝ።

ነገርኩት። የጨው ንግዱን ነገርኩት፣ ወባውን ነገርኩት፣ መንገደኛውን ሁሉ አባባ ይል እንደነበር ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ አውሮፕላኑን የመረጠው ራሱ እንደሆነም ነገርኩት። "የሞተ ሰው ልጅ አልሰርቅም" ያሉትንም አልደበቅኩትም። የልብ ምቱን ለመስማት ያህል እጁን ይዤው ነበር። አልጮኸም፣ አልወደቀም። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"መርዶ ነው ያረዳሽኝ" አለ። "መርዶ ደግሞ ጠዋት ነው፣ በወጉ ነው። ነገ እቀመጥለታለሁ።"

"አባዬ፣ እሳቸው ካረፉ እኮ ስንት ዘመናቸው ነው! ሰው ምን ይለናል?"

"ያሻውን ይበል። ያን ጊዜ አልተቀመጥኩለትም።"

ተከራከርኩት። የሐኪሟን ቃል ጠራሁ፣ ልብህን አልኩ፣ ሰው ሁሉ ጨርሶ አብዷል ይልሃል አልኩት። እሱ እቴ! ጠዋት ስነሣ እሱ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ግድግዳውን እየያዘ ሳሎን መጥቶ የሶፋውን ትራሶች ምንጣፉ ላይ ያወርዳል። ሲያለከልክ ሳይ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። ፍራሽ አምጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩለት፣ ጋቢውን አለበስኩት። ስንዴና ሽምብራ ለንፍሮ ጣድኩ። የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ስለብስ እኔም ሆድ ባሰኝ፤ ሸንኮራ ይዘው በሩ ጋ ቁጢጥ የሚሉት ሽማግሌ እንደ አዲስ የሞቱ መሰለኝ።

ጎረቤቶቻችን የተከፈተውን በር አይተው መጡ። ሰው ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መመርመር አይወድም፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያሉ ገብተው ተቀመጡ። አባቴ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ አንዴ "አባቴን!" አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ አላሰማም። "አባቴን! አባቴን!" እያለ ደረቱን መታ። ሮጬ እጁን ያዝኩት። "ተይኝ" አለኝ፣ "ይውጣልኝ።" ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጡ። እሑድ መሆኑ ነው፣ እሳቸው የመጡት ለጨዋታ ነው። ከሁለት የሃንጋር ጓደኞች ጋር እየተሳሳቁ በሩ ጋ ሲደርሱ ፍራሹን፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዬን፣ የተቀመጠውን ሰው አዩ። ሳቃቸውን ዋጡት።

"ማን ነው? ማን ሞተባችሁ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

 አባቴ ከፍራሹ ቀና አለ።

"አባቴ ሞተ" አላቸው።

ጋሼ ግራ ገባቸው፤ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። አእምሮው የተነካ መስሏቸው ነው መሰል ድምፃቸውን አለዝበው፣ "አባትህማ ወንድሜ፣ ገና ስትድህ አይደለም እንዴ የሞቱት?" አሉት።

"እሱንስ እግዜር ነፍሱን ይማረው፣ አላወቅሁትም" አለ አባቴ። "ያሳደገኝ ነው። መርዶውን ትናንት ነው የሰማሁት።"

ጋሼ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁና የታመመ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።